ዶሊና ስትተኛ

ዶሊና ቀን ቀን ድምፅ አልነበራትም። ከእሷ ጋር የሚያወራ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠግቶ፣ «ምን አልሽ?» ማለት ነበረበት። ቁመቷ እኔ ትከሻ ላይ ያልቃል። ክንዷ የልጅ ክንድ ነው የሚመስለው። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ገፍቷት ቢያልፍ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ጋደም ስትል ግን ከዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ የሚወጣውን ነገር በጆሮው ያልሰማ ሰው ብነግረውም አያምነኝም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ አብሬያት ተኝቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ ዶሊና ማንኮራፋት የምናገረውን አውቃለሁ።

ያኔ እኛ ከእንግሊዝ በስተሰሜን ያለችው የሉዊስ ደሴት ሴቶች ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ተከትለን ነበር የምንኖረው። ዓሣው በበጋ ወደ ሰሜን ሲሄድ እኛም ወደ ሰሜን፣ በመከር ወደ እንግሊዝ ዳርቻ ሲወርድ እኛም ሳጥናችንን ጭነን በባቡር ወደ ያርማውዝ። ሥራው የሦስት ሴት ነው። ሁለቱ በአጭር ቢላ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ያወጣሉ፤ ሦስተኛዋ ከጨው ጋር በርሜል ውስጥ ትደረድራለች። ሦስቱ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንድ አልጋ ላይ አብረው ይተኛሉ። በቢላ ዶሊናን የሚያክል በደሴቱ አልነበረም። ዓሣው እጇ ላይ ያረፈ ሳይመስል ተከፍቶ፣ ጸድቶ፣ እንደ መጠኑ በየቅርጫቱ ይወድቃል። ሆኖም አብራት የምትሠራው ሴት በየዓመቱ ትቀየር ነበር። አንዷ ላገባ ነው ትላለች፣ ሌላዋ እናቴ ታመመችብኝ ትላለች። የምትደረድረው አክስቴ ፔጊ ነበረች፤ የአባቴ እህት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ እኔም አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አክስቴ ቤታችን መጣችና ለእናቴ «ሾናግን ስጪኝ» አለቻት።

«ከዶሊና ጋር ነው?» አለች እናቴ።

«ምን አላት ዶሊና? እንደሷ ጸጥ ያለች ልጅ በአገሩ አለች እንዴ?»

«ቀን ቀን ማለትሽ ነው።»

አክስቴ ሻይዋን ፉት አለችና፣ «ሾናግ እንቅልፏ ከባድ ነው» አለች። ከዚያ ሁለቱም ስለ ድንች አወሩ። እኔ ነገሩ አልገባኝም፤ አገር ልጎበኝ ነው ብዬ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ወደ ያርማውዝ የወሰደን ባቡር አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይፈጃል። በሴት የተሞላ ባቡር ነው፤ ዘፈኑ፣ ሹራብ ሥራው፣ ሳቁ! ዶሊና ግን አልተቀመጠችም። መተላለፊያው ላይ ቆማ በመስኮት ታያለች። አገር ማየት የምትወድ መስሎኝ «ነይ ተቀመጪ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ» ብላት፣ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከጨለመም በኋላ እዚያው ቆማ ነበር፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር እንኳ ሳይኖር።

ያርማውዝ ውስጥ የተከራየነው ወይዘሮ ጌጅ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ነበር፤ ጠባብ ስል፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እጅ ለእጅ መጨባበጥ ይቻላል። ወይዘሮ ጌጅ የዓሣ ቅባት እንዳናስነካባቸው ምንጣፉን አንስተው፣ ግድግዳውን በቡናማ ወረቀት ሸፍነው ነው የጠበቁን። አልጋው ሰፊ ነው። አክስቴ ወደ ግድግዳው፣ ዶሊና ከዳር፣ እኔ መሀል ተኛን። ዶሊና አገጯን በሻርፕ አስራ፣ የሌሊት ልብሷ ጀርባ ላይ የክር ማጠንጠኛ እንጨት ሰፍታ ስትመጣ፣ «ጥርስሽን ያምሻል?» አልኳት። «ትንሽ» አለች፤ እንጨቱ በጀርባዋ እንዳትተኛ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ነበር። ድመት መስሎኝ ወደ አልጋው ሥር አየሁ። ቀጥሎ እንጨት በመጋዝ መቁረጥ ተጀመረ። እየጎላ፣ እየጎላ ሄዶ፣ በድንገት ዝም አለ። እስትንፋሷ የቀረ መስሎኝ ደንግጬ ልነካት እጄን ስዘረጋ፣ ያ ሁሉ የታመቀ አየር አንድ ላይ ወጣ! የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መታጠቢያው ጠረጴዛ ላይ የነበረው የቆርቆሮ ኩባያ እየተንጣጣ ሄዶ ሄዶ መሬት ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ መስኮት ተከፈተና አንድ ወንድ፣ «ያንን እንስሳ ዝም አሰኙት!» ብሎ ጮኸ። አክስቴ በሁለት ጆሮዋ ጥጥ ወትፋ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ለእኔ ግን ጥጥ አልሰጠችኝም።

ሁለተኛውም ሌሊት እንደዚያው አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ጌጅ ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። የያርማውዝ ሰው እንግሊዝኛ እኛ ትምህርት ቤት ከተማርነው የራቀ ነው። አክስቴ ሃያ ዓመት ተመላልሳበታለችና አስተርጓሚያችን እሷ ነበረች። እኔ ግማሹን እይዛለሁ።

«ይሄ የአሳማ ቤት አይደለም!» አሉ ወይዘሮ ጌጅ። «ባለቤቴ ምድጃው የፈነዳ መስሎት በውስጥ ሱሪው መንገድ ላይ ወጥቷል። ጎረቤት ምን ይለኛል? አንዴ ይደገምና ሦስታችሁም ከነሳጥናችሁ ውጭ ናችሁ!»

አክስቴ በእርጋታ ወደ ዶሊና ዞረች። «ብርዱ እንዴት ነው፣ ብርድ ልብስ ልጨምር ወይ ነው የሚሉሽ።»

«ደግ ሴት ናቸው» አለች ዶሊና፣ በዚያች ሹክሹክታዋ።

የእኔን ጥፋት አሁን ልናገር። ከዚህ በፊት ለሰው ነግሬው አላውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ እንቅልፍ ያጣ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። የዓሣው ገንዳ ዙሪያ ከሠላሳ የማያንሱ ሴቶች ቆመን እየሠራን፣ ከአጠገባችን ያለ ቡድን ውስጥ አንዷ፣ «ሾናግ፣ ምነው? ማን ሲያስለቅስሽ አደረ?» አለችኝ።

«ከዶሊና ጋር ተኝተሽ እይው!» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከአባቴ ላሞች ጋር በረት ብተኛ ይሻለኝ ነበር። ላም ብታመነዥክ እንጂ ቤት አታፈርስ!»

ሳቁ ከእኛ ተነስቶ በገንዳው ዙሪያ ዞረ። አንዷ ለሌላዋ እየነገረች፣ ማዶ ያሉት ዘግይተው ሲስቁ ይሰማኛል። ዶሊና ቀና አላለችም። ቢላዋም አልቆመም። አንገቷ ብቻ ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ቀላ። እኔም ሳቁ ስለጣመኝ አንድ ሁለት ቀልድ ጨመርኩበት።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንኮራፋቱ ቆመ። ወይዘሮ ጌጅ ደስ ብሏቸው አንድ ቀን ቂጣ በቅቤ ሰጡን። እኔም ጠግቤ ተኛሁ። ዶሊና ከእኛ በፊት ተነስታ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ አገኛታለሁ፤ ለመተኛት ስንሄድም እዚያው ተቀምጣ ነበር። የአገራችን ሴት በጨለማም ሳታይ ሹራብ ትሠራለች፤ ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ ታዘብኩ። ሰኞ የጀመረችው የዓሣ አጥማጅ ካልሲ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰው፣ ማክሰኞ አልቋል። ረቡዕ ጥንዱ ሞልቷል። ሐሙስ ሌላ ጥንድ ተጀምሯል። «ፈጣን ነሽ!» አልኳት። ከዓይኗ ሥር ጥቁር ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ካልሲውን ነበር የማየው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ዓሣው በብዛት መጣ። ጀልባዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተው ነው የገቡት። ቀና ማለት የለም። ጣቶቻችን ከቢላ እንዲተርፉ በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ጠቅልለናቸዋል። በርሜል ላይ ያጎነበሰችው አክስቴ ድንገት፣ «ይሄ ዓሣ ደም በዛበት» አለች። ደግማ አየች። «ዶሊና! እጅሽ!»

ቢላው በአውራ ጣቷና በመዳፏ መካከል ገብቶ አጥንት ነክቷል። ዶሊና አልጮኸችም። ያወቀችም አትመስልም። በዚያው እጇ ሌላ ዓሣ ልታነሳ ስትል ነው አክስቴ የያዘቻት። ዓይኗ ተከፍቷል፣ እሷ ግን እዚያ የለችም።

የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮኖች ለእኛ የከፈቱት ትንሽ ክሊኒክ ወደቡ አጠገብ ነበር። ነርሷ ስድስት ቦታ ሰፋቻት። ስትጨርስ የዶሊናን ዓይን በጣቷ ከፍታ ተመለከተችና፣ «ይቺ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛችው?» አለች።

«ሁልጊዜ አብረን ነው የምንተኛው» አልኩ እኔ።

«እናንተ ትተኛላችሁ» አለች ነርሷ። «እኔ የጠየቅኩት ስለሷ ነው።»

ያን ጊዜ ካልሲዎቹ ትዝ አሉኝ። አክስቴም አንድ ነገር ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ወደ ዶሊና ዞረች። ዶሊና ጭኗ ላይ ያለውን በፋሻ የተጠቀለለ እጇን እያየች፣ «ወይዘሮዋ ያሉትን ሰምቻለሁ» አለች። «እኔም ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፣ ፔጊ። ደግሞ ሾናግም ደክሟት ነበር። ልጅ ናት፣ መተኛት አለባት። አምስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ቀን ቀን ትንሽ ትንሽ ካሸለብኩ እዘልቀዋለሁ ብዬ ነው።»

እኔ ወጥቼ ከክሊኒኩ ጀርባ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተመልሼ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ «ላሟ ግን ጥሩ ነበረች» አለች ዶሊና። «እኔም ልስቅ ነበር።» ይህን ስትል የበለጠ አስለቀሰችኝ።

እሑድ ሥራ የለም። ሄሪንጉ ባሕሩን ቢያጥለቀልቀውም የእኛ ሰው እሑድ ቢላ አይነካም። ከሰዓት በኋላ በደሴታችን ቋንቋ የሚደረገው አምልኮ ነበር፤ ቄስ ማካስኪል የሚባሉ የደሴቱ ሰው እስከዚያ ድረስ ተከትለውን መጥተው ነው የሚሰብኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ውጭው ቀዝቃዛ፣ ውስጡ በሰው ትንፋሽ የሞቀ። ዶሊና በእኔና በአክስቴ መካከል ተቀመጠች። ዓርብም ቅዳሜም አልተኛችም፤ ቁስሉ ሲጠዘጥዛት፣ ፍርሃቱም አለ። ስብከቱ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ማንቆርቆሪያውን ሰማሁት። በክርኔ ልነካት ስል የተሰፋ እጇን አየሁና ተውኩት። መጋዙ መጣ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴቶች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ያ ጸጥታ ሆነ፤ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወገኖቼ፣ በዚያን ጊዜ የሚሰማው...» ያሉት ልክ እዚያ ላይ ነው። ዶሊና ለቀቀችው። መብራቱ የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ሌላው ሰው ይክደኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። አንድ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ኋላ የተቀመጡት ወንዶች ከሳል ጋር እየታገሉ ነው።

ቄሱ መጽሐፋቸውን ከደኑ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ፈገግታቸውን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው ነበሩ። ወደ እኛ ረድፍ ሲያዩ እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ማንም እንዳይቀሰቅሳት» አሉ። «ሰንበት ለዕረፍት የተሰጠ ቀን ነው። እኔ ስለ ዕረፍት አንድ ሰዓት ልናገር ነበር የመጣሁት፤ ይህች እህት ግን ከእኔ ቀድማለች። ተነሡ፣ እንዘምር።» ከመዝሙሮቹ ሁሉ ረጅሙን መረጡ።

የእኛ ዝማሬ መሣሪያ የለውም። መሪው አንዱን ስንኝ ያወጣል፣ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ይከተለዋል። ሦስት መቶ ሰው በሙሉ ጉሮሮው ዘመረ። መሪው ለሚቀጥለው ስንኝ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር፣ በዚያች ክፍተት ውስጥ ዶሊና ትገባለች። ሳትዛነፍ፣ በየስንኙ። እየቆየ መሪው ራሱ እሷን መጠበቅ ጀመረ። ያን ያህል ሰው እየሳቀና እያለቀሰ ሲዘምር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አምልኮው አልቆ ሕዝቡ በጣቱ እየተራመደ ወጣ። ወንዶቹ ግን አልሄዱም፤ ከበሩ ጀምረው መንገዱ ላይ እርምጃ እየቆጠሩ ይሄዱ ነበር፣ እስከ የት ድረስ እንደሚሰማ። መቶ አርባ ሁለተኛው እርምጃ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ጠፋ አሉ። ፉርጎ እያለፈ ነው እንጂ ይቀጥል ነበር የሚሉም ነበሩ።

ዶሊና ስትነቃ መሽቷል፤ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እኔና አክስቴ፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ አንድ ወንድ ብቻ ነበርን። ፊንሌይ ይባላል፤ ዓሣ በምንሠራበት ግቢ በርሜል ይሠራ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በመዶሻ ብረት ቀለበት ሲመታ የኖረ ሰው ስለሆነ ጆሮው ደክሟል። ሲያናግሩት ጆሮውን አዘንብሎ አፍ አፍ ያያል።

«ሁሉም ሄዱ?» አለች ዶሊና። «ተኛሁ እንዴ?» ፊታችንን አይታ ነገሩ ገባት። «ወይኔ! አንኮራፋሁ? እዚህ?»

ፊንሌይ ቀረብ ብሎ፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው እንደሚያደርገው እየጮኸ፣ «አራት ዓመት ነው እዚህ ስመጣ፤ ከስብከቱ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም» አለ። «አንቺን ግን ዛሬ ሰማሁሽ። ደግሞ ግቢ ውስጥ ስታወሪ ከንፈርሽ ሲነቃነቅ አያለሁ እንጂ ድምፅ ያለሽ አይመስለኝም ነበር። አለሽ ለካ!»

ዶሊና ፊቷን በደህናው እጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ጣቶቿን ስትለቅ ግን ትስቅ ነበር፤ በድምፅ፣ አፏን ከፍታ። ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው።

አክስቴ ግን የመሳቂያ ጊዜ አልነበራትም። «ለዚች ልጅ የምትተኛበት ቤት ይፈለግላታል» አለችው ፊንሌይን ጆሮው ሥር። «አንተ ከተማውን ታውቃለህ። ድምፅ የማይከብደው ሰው አታውቅም?»

ፊንሌይ አሰበ። «ወይዘሮ ላርተር» አለ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥናችንን ስናወርድ ወይዘሮ ጌጅ ደረጃው ላይ ገጠሙን። «የት ነው? ለምን? እኔ አስወጣኋችሁ እንዴ? ይኸው ከሳምንት በላይ እኮ ቤቱ ጸጥ ብሏል!»

«እሱ ነው ችግሩ» አለች አክስቴ። «የእርስዎ ጸጥታ የእኔን ልጅ እጅ ሊያስከፍላት ነበር።» ይህን ግን ለዶሊና አልተረጎመችላትም፤ መተርጎም እንደማያስፈልግ አውቃለች።

ወይዘሮ ላርተር ባሏ የሞተባት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቤቷ የባቡር ሐዲዱ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓሣውን ወደ ለንደን የሚወስዱት ፉርጎዎች የሚጋጩትና የሚቀጣጠሉት ከመስኮቷ ሥር ነው። አክስቴ ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻት።

«የኔ እናት፣» አለች ወይዘሮ ላርተር ዶሊናን አገጯን ይዛ፣ «እኔ እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ተኝቻለሁ። ባሌ የሞተ ቀን ነው ባቡር መኖሩን የሰማሁት። እንደፈለግሽ ተኚ!»

ያልነገረችን አንድ ነገር ነበር፤ እሷም ታንኮራፋ ነበር። በዶሊና ልክ ባይሆንም፣ ከታችኛው ፎቅ ወፍራም ወፍራሙን ታወጣለች። አክስቴ ጥጧን ለሁለት ቆርጣ ለእኔም ሰጠችኝ። ከባቡሩ፣ ከዶሊናና ከወይዘሮ ላርተር መካከል እኔ እንዴት እንደተኛሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ተኛሁ። እጇ እስኪድን እኔ የሁለት ሰው ቢላ ሠራሁ፤ አንድም ቀን አማርሬ አላውቅም። ዶሊና ጨው በማቀበል ትረዳን ነበር። ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ሲለቅ፣ ለካ ቆንጆ ነበረች። ፊንሌይ በርሜል ለመክደን ከሚያስፈልገው በላይ ወደ እኛ መመላለስ ጀመረ።

የተጋቡት ጦርነቱ በፈነዳበት ዓመት በፀደይ ነው። ሠርጉ ላይ ወንዶቹ ፊንሌይን እየጎነተሉ፣ «ጆሮህ ከዚህ በላይ ቢደክም ይሻልሃል!» ይሉት ነበር። እሱም፣ «አልጋው ሲንቀጠቀጥ ቤቴ መሆኔን አውቃለሁ» ይላል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እሱ ወደ መርከብ ሄደ። ያ የባቡር ጉዞ፣ ያ የገንዳ ዙሪያ ዘፈን እንደገና እንደ ድሮው አልሆነም። ጦርነቱ ሲያልቅ ጥቂት ዓመት ሴቶች ሄደዋል፤ እኔም አንዴ ሄጃለሁ፤ ወይዘሮ ላርተርን በቦምብ አጥተናታል፣ ቤቷም የለም። አሁን አሁን ሰው ስለዚያ ሥራ ሲጠይቀኝ ስለ ብርዱና ስለ ጨው ቁስሉ እንድነግረው ይፈልጋል። እነግረዋለሁ። እኔን ሌሊት የሚመጣብኝ ግን ሦስታችን አንድ ብርድ ልብስ ሥር የነበርንበት ሙቀት ነው።

ፊንሌይ ተመለሰ፤ አራት ልጆች ወለዱ። ዶሊና ከዚያ እሑድ በኋላ ስለ ማንኮራፋቷ አፍራ አታውቅም። በመንደሩ ስሟ ገነነ። አንድ ቀን የደሴቱ ከተማ ከሆነችው ከስቶርኖዌይ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ አሸለበች፤ ሹፌሩ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ሦስት ጊዜ አቁሞ ክዳኑን ከፈተ። ሦስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ የምትፈልገው ኋላ ነው ያለው» አለችው። ዶሊና ነቅታ፣ «ምን ሆነን ነው የቆምነው?» ስትል አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ።

የልጅ ልጇ ኢንቨርነስ ከተማ የጆሮ ሕክምና ስትማር ድምፅ የሚለካ መሣሪያ ይዛ ለአዲስ ዓመት መጣች። አያቷ ከምሳ በኋላ እሳቱ አጠገብ እንደተኛች መሣሪያውን አስጠግታ ለካች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ዘጠና አንድ!» አለች ልጅቷ፣ ዶሊና ስትነቃ። «አያቴ፣ ይሄ እኮ የሣር ማጨጃ ሞተር አጠገብ እንደ መቆም ነው።»

ዶሊና ስድብ የሰማች ይመስል ኮስተር አለች። «ዘጠና አንድ ብቻ? እርጅና ነው እንጂ! ያርማውዝ ብትለኪኝ ኖሮ መሣሪያሽ ይሰበር ነበር። ሾናግ፣ ንገሪያት!»

ነገርኳት። ፊንሌይ ከጥግ ሆኖ የምናወራውን ሳይሰማ አብሮን ይስቅ ነበር።

እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ከቀብሩ በኋላ ልጆቿ በየሥራቸው ሲበተኑ እኔ ልብሴን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። እኔም ባሌን ቀብሬያለሁ፤ የሚጠብቀኝ የለም። ዶሊና ለእኔ ሌላኛውን ክፍል አንጥፋልኝ ነበር።

«እዚያ ይሻልሻል» አለች። «እንዳልረብሽሽ።»

«አንቺ፣ እንደ እንግዳ አታድርጊኝ። ወደዚያ ጠጋ በይ» ብያት ከጎኗ ገባሁ። የዚያን ዕለት ግን አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም። ስለ ፊንሌይ አወራን፤ ስለ አክስቴ ፔጊ፣ ስለ ወይዘሮ ላርተር። አራተኛው ቀን ላይ ነው ወሬ መሀል ዝም ያለችው። ማንቆርቆሪያዋን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ እንቅልፏ ነበር። እየቆየ ማንኮራፋቷ ቤቱን ሁሉ ሞላው። ከአንድ ወር በላይ አብሬያት ቆየሁ፤ ድንቿን አብረን ተከልን፣ አጥሯንም አስጠገንን።

አሁን ዶሊና ስቶርኖዌይ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናት። እግሯ ከድቷታል፤ አእምሮዋ ደህና ነው። የሰጧት ክፍል ከመተላለፊያው መጨረሻ ነው፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ስለምደርስ ተኝታ ነው የማገኛት።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጣች ወጣት ነርስ ነበረች። ድምፁን ተከትዬ ስሄድ አየችኝና ሮጣ መጣች። «ይቅርታ፣ እማማ፣ በጣም ይጮኻል። ልቀስቅስልዎት? ወይስ በሩን ዘግቼ ሳሎን ይጠብቋት?»

«አይ፣ ልጄ» አልኳት። «ወንበር ብቻ አቀብዪኝ።»

አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠባሳ ያለባት እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበረች፤ መልሼ አስገባኋት። የአሥር ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ አመለጠኝ። ስትነቃ ሻይ ጠጣንና የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዤ ቤቴ ገባሁ።